ከድሩ ያላበላሸው ሞተር

ዲሪርሳ ከፉሪ መንደሮች ወተት እየሰበሰበ ጠዋት ጠዋት በሞተር ሳይክሉ ሰበታ ላሉ ሻይ ቤቶች ያደርሳል። ጎረቤቱ ከድሩ ደግሞ እዚያው ሰበታ የጨርቅ ሱቅ አለው። ሁለቱ ቤተሰቦች በየበዓሉ የሚጠራሩ፣ ዕቃ የሚዋዋሱ፣ አንዱ የሌላውን ልጅ እንደ ራሱ ልጅ የሚያዩ ነበሩ።

አንድ እሑድ ከድሩ ለእናቱ መድኃኒት ሊገዛ ሞተሩን ተዋሰና በሰዓቱ መለሰ። በማግስቱ ዝናብ ስለነበር መንገዱ ረጥቧል። ዲሪርሳ ወተቱን ጭኖ ሲነሣ ሞተሩ ድምፁ ይቆራረጥ፣ ዳገት ላይም ጉልበት ያጣ ጀመር። መካኒኮች “ሚስ ያደርጋል” የሚሉት ዓይነት ነው።

ዲሪርሳ ለማጣራት ጊዜ አልወሰደም። በቀጥታ ከድሩ ሱቅ ሄደና ገበያተኛ ፊት ጮኸበት።

“ትናንት ደህና የነበረ ሞተር ዛሬ ምን አገኘው? አንተ ነህ ያበላሸኸው!”

“ወላሂ ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት። እስኪ መካኒክ ይየው።”

“ምኑን ያየዋል? ሁለተኛ ሞተሬን እንዳትነካ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁለቱ ቤት መካከል ሰላምታ እንኳ ቀረ። ዲሪርሳ በግምት እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀየረ፣ ቤንዚን የሚያደርሰውን ካርቡራተር አሳጠበ፤ ሞተሩ ግን በዘነበ ቁጥር ያው ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የከድሩ ትንሽ ልጅ የህያ በትኩሳት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከድሩ ሱቅ ነበርና ሚስቱ ሬሐና ጤና ጣቢያ ልታደርሰው ልጁን አዝላ፣ ባጃጅ እስክታገኝ ድረስ ጭቃውን ቁልቁለት አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ወረደች። ዲሪርሳ ይህን የሰማው ከሚስቱ ከኤቢሴ ነው።

“በደጃችን ነው ያለፈችው” አለችው። “ሞተሩ ቢቆራረጥም ቁልቁለቱ አያቅተውም ነበር፤ አንተም ቤት ነበርክ። ግን ልትጠራህ ፈራች። ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ምን ይውጠን ነበር?”

“ከድሩ እኮ ሞተሬን...”

“እሱ መሆኑን በምን አወቅህ?”

በማግስቱ ጠዋት ዲሪርሳ ሞተሩን እየነዳ ወደ አንጋፋው መካኒክ ወደ ጋሽ ተረፈ ጋራዥ ሄደ።

“ሰው ነው ያበላሸብኝ ብዬ ነበር፤ እስኪ እርስዎ ይዩልኝ” አላቸው።

“ማን እንዳበላሸው ኋላ እንደርስበታለን። መጀመሪያ ምኑ እንደተበላሸ እንይ።”

ጋሽ ተረፈ ካንዴላውን ፈቱና እሳት ከሚያመጣለት ገመድ ጋር እንዳለ የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፈው መነሻውን ረገጡት። እሳቱ ደህና ነው። ቤንዚኑንም አዩ፤ በደንብ ይወርዳል። ካንዴላውን መልሰው ሞተሩን ወደ ጨለምለም ያለው የጋራዡ ጥግ ገፉትና አስነሡት። ከዚያ ወደ ካንዴላው የሚሄደው ገመድ ላይ ጥቂት ውሃ ረጩ። ወዲያው ድምፁ ተቆራረጠ፤ ከገመዱ ሰማያዊ ብልጭታ እየዘለለ የሞተሩን አካል መታ።

“ይኸው! የገመዱ ጎማ ተልጦ እሳቱ እዚህ ጋ ያመልጣል። እዚህ የታሰረ ሽቦ ሲፈትገው ኖሮ ነው የበላው። ይህን ሽቦ ማን ነው ያሰረው?”

ዲሪርሳ ሽቦውን አወቀው። ከሦስት ወር በፊት የወተት ጀሪካን ማሰሪያውን በጥድፊያ ያሰረበት ነው።

“እኔ ነኝ፣ ጋሼ” አለ አንገቱን ደፍቶ።

ገመዱ ተቀየረ። ውሃ ቢረጭበትም ሞተሩ ሳይቆራረጥ አጓራ። ዲሪርሳ ግን ደስታው አልመጣለትም። ከጋራዡ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ከድሩ ሱቅ ነዳ። እንደ ያኔው ገበያተኛ ፊት ቆሞ፣ “ጥፋቱ የራሴ ነበር። ስምህን በከንቱ አጠፋሁ፤ ይቅር በለኝ” አለ። “ልጁስ እንዴት ነው?”

“አልሐምዱሊላህ፣ ትኩሳቱ ለቆታል።”

ዲሪርሳ የልጁን መታመም ከሰማ ጊዜ ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የወረደለት መሰለው።

“ስትጮህብኝ ብዙም አልከፋኝም” አለ ከድሩ። “ሬሐና ደጅህን አልፋ ስትሄድ ግን አመመኝ።”

“ዳግመኛ አይሆንም። ና፣ ልጁን አብረን እንየው።”

ከድሩ ፈገግ አለ፤ ሱቁን ዘግቶም ሞተሩ ላይ ከኋላው ተቀመጠ።

ወገኖቼ፣ ዲሪርሳ ሳይመሽበት ከጥፋቱ ተመልሷል፤ የህያም ድኗል። እኛ ሁልጊዜ እንዲህ ላይቀናን ይችላል። ሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችን በፊት ነገሩን አንድ በአንድ እንመርምር። ስንመረምር ደግሞ የራሳችንን እጅ ሥራ አንዝለል።