ወደ ኋላ የታጠፈ እግር

መርማሪ ኩራሞቺ ሲደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። ሽማግሌው ኢጋራሺ ከገዛ የሥራ ጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተጋድሟል። ማጅራቱ ዕቃ ጨምቆ የሚይዘውን የብረት ሞርሳ ማዕዘን መትቶ፣ ደሙ በእንጨት ብናኙ ውስጥ ሰርጎ ደርቋል። አጠገቡ አጭር መሰላል ወድቋል። ውጭ ዝናቡ የካትሱሺካ ሠፈርን የቆርቆሮ ጣሪያዎች ይደበድባል፤ ሦስተኛ ሳምንቱን ስለያዘ ግን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው አልነበረም።

«በከንቱ ደከሙ፣ አለቃ» አለ ሳጅን ቶዳ ጃንጥላውን እያራገፈ። «ነገሩ አልቋል። ልጅቷ አምናለች።»

«ምን ብላ?»

«‹አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ› ብላ። ጎረቤቶቹም ቅዳሜ ዕለት አባትና ልጅ ሲጨቃጨቁ ሰምተዋል። ማታ ወደ ዋናው ጣቢያ እንወስዳታለን። እርስዎም ቤትዎ ገብተው ያንን ጉልበትዎን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል።»

ኩራሞቺ የሙቅ ውሃውን ሐሳብ ወደደው። ጡረታው ተቃርቧል፤ ደረጃ በወጣ ቁጥር ጉልበቱ ይንቋቋል። በወጣትነቱ ባሕር ማዶ ተልኮ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ዕውቀት አንድ ብቻ ነበር፦ የእምነት ቃልን መጠራጠር። ባልደረቦቹ ሲስቁበት ኖረዋል፤ እሱም አንዳንዴ ይህ ዕውቀት ለዚህ አገር ይሆን አይሆን እያለ ራሱን ይጠይቅ ነበር። የሚያውቀው ነገር ቢኖር፣ የእምነት ቃሉ ላይ በፊርማ ፈንታ የግል ማኅተሙ ካረፈበት በኋላ ተመልሶ ቤቱ የገባ ሰው በሥራ ዘመኑ አለማየቱን ነው። የልጅቷ ማኅተም ደግሞ ማታ ያርፋል።

ኢጋራሺ ዕድሜውን ሙሉ አሻንጉሊት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ ለልጅ ግን አንድም ሸጦ አያውቅም። ሥራው ፋብሪካ በፕላስቲክ ከማባዛቱ በፊት የመጀመሪያዋን ናሙና ከእንጨትና ከነሐስ ማውጣት ነበር። የመጨረሻ ሥራው «ነጎድጓድ ዘብ» ይባላል፤ ተጣጥፎ ባቡር የሚሆን ሮቦት። በመጪው መከር ሮቦቱ ሱቅ ሲገባ ካርቱኑም በቴሌቪዥን ይጀምራል። ሰው ካርቱኑ ቀድሞ አሻንጉሊቱ የተከተለ ይመስለዋል፤ በዚህ ሙያ ግን እናትየዋ አሻንጉሊቷ ናት። ካርቱኑን ከፍሎ የሚያሠራው የአሻንጉሊት ኩባንያው ነው፣ ካርቱኑም ውለታውን የሚመልሰው አሻንጉሊቱን በመሸጥ ነው። ተፎካካሪ እንዳይቀዳው ስለሚፈራ፣ ናሙናው በዚህ ቤት መኖሩን ከሟቹ ሌላ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ማጠፊያዎቹን የምትሠራው ልጁ ስሚኤ፣ የኩባንያው የዕቅድ ሹም ሴኪኔ፣ እና የካርቱኑ ዳይሬክተር ሃታኬያማ።

ኩራሞቺ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። ብናኙ ላይ ፊታቸውን ለእንግዳ ወደ ተቀመጠው ወንበር ያዞሩ ሁለት ትንንሽ የእግር ዱካዎች ታትመዋል። ከዱካዎቹ ጎን ክዳኑ የተከፈተ የእንጨት ሳጥን አለ። በውስጡ ሮቦቱ ባቡር ሆኖ ተኝቷል፤ የቀኝ እግሩ መጋጠሚያ ግን ተገንጥሎ የነሐስ ፒኑ ወደ ኋላ ተጣሟል።

ስሚኤ ፎቅ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሠላሳን ያለፈች፣ ጣቶቿ በሞረድ የጠቆሩ ሴት ናት። እሑድን ቺባ ያለች አክስቷ ዘንድ ውላ አድራ፣ ሰኞ ጠዋት ስትመለስ አባቷን እንዲህ አገኘችው። ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ሳጥኑን ከፍታ ስብራቱን አየች።

«ፒኑ የኔ ሥራ ነው» አለች። «አባባ ‹ቀጭን ነው፣ አይችልም› ሲለኝ ‹ይችላል› ብዬ ድርቅ አልኩበት። ቅዳሜ የተጨቃጨቅነው በሱ ነው። ይኸው ተሰበረበት። ሌላ ነሐስ ከላይ ሊያወርድ መሰላል ላይ ወጣ፣ ወደቀ። ታዲያ ማን ገደለው?»

«ይህን ለሳጅኑ ነግረሽዋል?»

«መጀመሪያውን ስነግረው መጻፍ ጀመረ። ቀሪውን አልጠየቀኝም።»

ኩራሞቺ ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ቶዳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወሩን ሙሉ ያልተኛ ሰው ነው።

«ሳጥኑን ስታገኚው ክፍት ነበር?»

«ታስሮ ነበር። ገመዱን እኔ ነኝ የፈታሁት።»

«ሮቦቱ እንደቆመ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም?»

«አይገባም። ባቡር ካልሆነ ክዳኑ አይዘጋም።»

እንዴት ባቡር እንደሚሆን እንድታሳየው ጠየቃት። ከመደርደሪያው ቀለም ያልተቀባ፣ ለሙከራ የተሠራ ወንድሙን አወረደችና ሳታየው አጠፈችው። እግሮቹ ወደ ፊት ተነሥተው ደረቱ ላይ ተለጠፉ፤ ብርድ መትቶት ጉልበቱን ያቀፈ ሰው መሰለ። ቀድሞ ወደ ኋላ ነበር የሚታጠፈው፤ ከጉልበቱ ጀርባ የልጅ ጣት ይቆነጥጣል ብሎ አባቷ ባለፈው ሳምንት እንደለወጠው ነገረችው። አዲሱ ማጠፊያ ገና አልረካበትም። እስከ ጸደይ ጊዜ ይስጡኝ ብሎ ኩባንያውን ሊለምን ነበር። ለውጡን ያየው ዓርብ ዕለት የመጣው ሴኪኔ ብቻ ነው።

ሴኪኔ መርማሪውን ከኩባንያው ሥር ባለች ካፌ ተቀበለው። ሲጋራውን ከሲጋራ እየለኮሰ፣ ሽማግሌው ወደ ጸደይ ይሻገር ማለቱን አልደበቀም። መሻገር ማለት ከመከሩ ቀጥሎ የሚመጣው የአዲስ ዓመት ገበያ ይቀራል ማለት ነው።

«ገበያው ከቀረ መስኮት ዳር ያስቀምጡኛል፣ ጌታው መርማሪ። ደመወዝ ሳይቀነስ፣ ሥራ ሳይሰጥ፣ ጡረታዬ እስኪደርስ ርግብ መቁጠር ነው።»

«እሑድ የት ነበሩ?»

«ተኝቼ። ሚስቴ ልጆቹን ይዛ ወጥታ ነበር። ምስክሬ ትራሴ ነው።»

ኩራሞቺ ስለ ማጠፊያው ሲጠይቀው በክብሪት ሣጥንና በሁለት ክብሪት አሳየው፤ እግሮቹ ወደ ፊት፣ ወደ ደረት። ካርቱኑን ለሚሠራው ስቱዲዮ ተናግረዋል ወይ ሲባል አፈረ። የካርቱኑን መክፈቻ ትዕይንት ሥለው ጨርሰዋል፤ እንቅልፍ ላጣ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ መሄድ ከበደው። ዛሬ ሊነግራቸው ነበር።

ኔሪማ ሠፈር ያለው ስቱዲዮ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ከጠረጴዛ ሥር የተኛ ሰው እግር ይታያል፤ ከእግሩ ጎን ተበልቶ ያለቀ የኑድል ሾርባ ኩባያ። ሃታኬያማ ዓይኑ የቀላ፣ ትሁት፣ ከዕድሜው ቀድሞ የሸበተ ሰው ነው። የሽማግሌውን ሞት ሲሰማ አዛጋ፤ ወዲያውም በሐፍረት አፉን ሸፈነ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለማላዝን አይደለም። ሰውነቴ የኔ መሆኑ ቀርቷል።»

ከቀለም ቀቢዎቹ አንዷ ባለፈው ሳምንት ብሩሽ እንደያዘች ወድቃ ሆስፒታል መግባቷን ነገረው። እሑድ እዚሁ ነበርኩ አለ፤ ማን አየዎት ሲባል የተኙትን ሰዎች በእጁ አመለከተ። ናሙናውን በፎቶና በንድፍ እንጂ በእጁ ነክቶት እንደማያውቅ ተናገረ። ከዚያ የመክፈቻውን ሥዕሎች አንድ በአንድ እያገላበጠ አሳየው። ሮቦቱ በባቡር ሐዲድ ላይ ዘልሎ፣ እግሮቹን እንደ ፌንጣ ወደ ኋላ ሰብስቦ፣ ባቡር ሆኖ ይወርዳል።

«እነዚህን ማን ሣላቸው?»

«እኔ ራሴ። ሌላው ሰው ደክሞት ነበር» አለ ሃታኬያማ።

ከሰዓት በኋላ፣ አስከሬኑ ከተነሣ ወዲያ፣ ኩራሞቺ ሦስቱንም በኢጋራሺ ቤት ሰበሰባቸው። ቶዳ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ በር ላይ ቆሟል። ስሚኤ የአባቷን ወንበር ትታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

መርማሪው ቀለም ያልተቀባውን ሮቦት አንሥቶ ባቡር እንዲያደርገው ለሴኪኔ ሰጠው። ሴኪኔ እየተደናበረ እግሮቹን ወደ ደረቱ አመጣ። ኩራሞቺ ዘርግቶ አቁሞ ለሃታኬያማ አቀበለው።

«እኔ ይዤው አላውቅም ብዬዎታለሁ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሥለውታል እኮ። እንደሣሉት ያድርጉት።»

ሃታኬያማ ሮቦቱን ተቀበለ። አውራ ጣቱ ሽንጡን ያዘ፤ ሌላው እጁ ቀኝ እግሩን ወደ ኋላ መግፋት ጀመረ። ገና ጥቂት ሳይሄድ እጁ ቆመ። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«እንዴት እንደሚሆን አላውቀውም» አለ።

ኩራሞቺ የእንግዳው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«እሑድ እዚህ እንግዳ ነበር» አለ። «ሮቦቱ ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደዚህ ወንበር አዙሮ ቆሟል፤ ዱካው ይኸው። ሽማግሌው ለሚያውቀው ሰው እያሳየ ነበር ማለት ነው። በኋላ ግን ሳጥን ውስጥ ታስሮ ተገኘ። ቶዳ፣ አንተ ጫማህ ቢቀደድና ልታሰፋው ብትነሣ፣ መጀመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ከተህ በገመድ ታስረዋለህ?»

«አላስረውም።»

«ኢጋራሺም አያስርም። ፒኑ በሱ እጅ ተሰብሮ ነሐስ ፍለጋ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሮቦቱን ሞርሳው ላይ ታስሮ እናገኘው ነበር። ስለዚህ ያሸገው ሌላ ሰው ነው። እንግዳ ያልመጣ እንዲመስል ሮቦቱን ሳጥን ውስጥ ከተተ፣ መሰላሉን አስተኛ። ሳጥኑ እንዲዘጋለት ደግሞ ማጠፍ ነበረበት። ሰበረው።»

የተጣመመውን ፒን ከኪሱ አውጥቶ ለስሚኤ ዘረጋላት።

«ወደ የት ነው የተጣመመው?»

ስሚኤ በብርሃን አየችው። «ወደ ኋላ» አለች።

«በመንገዱ ሲሄድ አልተሰበረም። በማይሄድበት መንገድ ነው በጉልበት የተገፋው። የአንቺ ፒን አልከዳም፣ ልጄ።» ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ስሚኤ ብትሆን ዓይኗን ጨፍና ወደ ፊት ታጥፈው ነበር። አቶ ሴኪኔም ዓርብ አይቷል። ሰው ሲደነግጥ አእምሮው አይሠራም፣ የሚሠራው እጁ ነው፤ እጅም የለመደውን ነው የሚያደርገው። ወደ ኋላ መታጠፉን በእጁ የለመደ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሥያለሁ» አለ ሃታኬያማ በለሆሳስ። «መሣል መያዝ አይደለም።»

«ልክ ነዎት። ይዞት የማያውቅ ሰው ቢሆን ግን እንጨቱ እምቢ እስኪለው ይገፋ ነበር። እርስዎ እንጨቱ እምቢ ሳይል ቆሙ። እምቢ እንደሚል እጅዎ ከየት ዐወቀ?»

ሃታኬያማ እጁን አገላብጦ አየው፤ የሌላ ሰው እጅ የያዘ ይመስላል።

«ደውሎ ጠራኝ» አለ። «‹ወደ ጸደይ ይሻገር ብለህ አብረኸኝ ኩባንያውን ለምንልኝ› አለኝ። ከተሻገረ ስቱዲዮው ይዘጋል፤ ያቺ ቀለም ቀቢ ልጅ ሆስፒታል የገባችው በከንቱ ሆነ ማለት ነው። ነገርኩት። ‹የልጅ ጣት ከሚጎዳ ያንተ ቤት ቢዘጋ ይሻላል› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሞረዱን አነሣ። የቱ ጋ እንደሚጎዳ እንኳ አልነገረኝም። ወደ እኔ ላዞረው ትከሻውን ሳብኩት፤ ተንገዳግዶ ሞርሳው ላይ ወደቀ። ክብደቱ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

«ለምን ሐኪም አልጠሩም?» አለች ስሚኤ።

«ትንፋሹን አዳመጥኩ፤ አልነበረም። ከዚያ ያሰብኩት የምሥለውን ብቻ ነው። ሰኞ የሚደርስ ሥዕል ነበረብኝ።» ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ግንባሩ የሥራ ጠረጴዛውን ነካ። ስሚኤ አላየችውም።

ቶዳ የመኪናውን ቁልፍ ማሽከርከር አቆመ። ከኪሱ የስሚኤን ቃል የጻፈበትን የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለሁለት ቀደደውና ዳይሬክተሩን በክንዱ ይዞ፣ አጎቱን ወደ ቤት እንደሚወስድ ሰው በዝግታ አስወጣው። ኩራሞቺ እንደ ድል ያለ ነገር ይሰማው እንደሆነ ጠበቀ። የተሰማው ጉልበቱ ነው።

በመከር፣ ጡረታ በወጣ ሰሞን፣ ኩራሞቺ ዝናብ ሸሽቶ አንድ ትልቅ መደብር ገባ። የአሻንጉሊት ፎቁ ላይ ቴሌቪዥኑ የነጎድጓድ ዘብን መክፈቻ ያሳያል፤ ተሥሎ ያለቀ ነገር አይጣልምና ሮቦቱ አሁንም እንደ ፌንጣ እግሮቹን ወደ ኋላ ሰብስቦ ባቡር ይሆናል። ከሥሩ አንዲት ሕፃን ለሙከራ የተቀመጠውን ሮቦት ይዛ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ እግሩን ወደ ኋላ መግፋት ጀመረች።

ኩራሞቺ የስብራቱን ድምፅ ጠበቀ። ድምፅ አልመጣም። እግሩ ያለ ትግል ታጠፈ።

ልጅቷ ስትሄድ እሱ አነሣው። ወደ ፊት አጠፈው፤ ኢጋራሺ እንደፈለገው ሄደለት። ወደ ኋላ አጠፈው፤ ሃታኬያማ እንደሣለው ሄደለት። ፒኑ ያው ቀጭኑ ነው። ስሚኤ እስከ መከሩ በቀራት ጊዜ የአባቷን ሥራ ጨርሳ፣ ከጉልበቱ ጀርባ ጣት ይቆነጥጥ የነበረውን ቦታ ቦርቡራዋለች። ኩራሞቺ ትንሿን ጣቱን ጎድጓዳው ውስጥ አስገብቶ እግሩን እስከ መጨረሻው ዘጋው፣ ጥቂት ቆየ፣ ከፈተው። ጣቱ ላይ ምልክት እንኳ አልነበረም።