ለእማዬ ጆሮ የገዛሁት አምፕሊፋየር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ ፊቱ ላይ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ጓደኞቼን ጠይቁ፣ ስለ ዛር ሲያወሩ "ዛሩ ፊዚክስ አልተማረም እንዴ" ብዬ አስቀይሜያቸው አውቃለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ኤሌክትሪክ በሽቦ እንደሚሄድ፣ ሽቦው ሲነቀል ደግሞ እንደሚቆም አላጣሁትም። ይህን እያወቅሁ ነው የምነግራችሁ፣ ማመን አለማመኑ የእናንተ ነው።

ታላቅ ወንድሜ መስፍን ከታክሲ ፌርማታ ታፍሶ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ በኋላ ወሬው ጠፍቶ ከረመ፣ ከዚያ አንድ ቁስለኛ ወታደር ሰፈራችንን አፈላልጎ ካሴት አመጣልን። መስፍን የተናገረበት ነው። ደህና ነኝ ይላል፣ እማዬን ሳሚልኝ ይላል፣ ጎረቤቱን በየስሙ ሰላም ይላል፣ ስለ ብርዱ ያማርራል፣ ያልቃል። ቃል በቃል ሸመደድኩት። ችግሩ እማዬ ናት፣ ጆሮዋን ከታመመች ወዲህ ካልጮኹላት አትሰማም፣ ቴፓችን ደግሞ እንደ ትንኝ ነው የምትናገረው። ቴፑን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለጥፋ መለሰችልኝ።

"ደህና ነኝ ነው የሚልሽ" ብዬ ጮህኩላት።

"እሱንማ ሁሉም ይላል" አለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ይደበቃል፣ እማዬ ራሷ ስንቱን ደብቃለች፣ ልጇ የሞተባትን ሴት "ትንሽ አሞት ነው" እያለች እስክትጠግብ ያጎረሰች ሰው ናት፣ ምክንያቱም ሳይበላ መርዶ የሚሰማ ሰው ሐዘኑን አይችለውም ይባላል። ስለዚህ የማንንም ቃል አታምንም፣ የኔን ጭምር። ልጄ ሞቷል፣ እናንተ ደብቃችሁኛል ብላ ቁጭ አለች። እህል ተወች። እመኑኝ፣ ቀሚሷ መስቀያ ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ሆነ፣ እየሟሟች ነበር፣ የሚያድናት የመስፍን የራሱ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ያውም የሚጮህ።

አየር ጤና ራዲዮ የሚጠግኑ ጋሽ ደሳለኝ ዘንድ ሄድኩ።

"አምፕሊፋየር ፈልጌ ነበር፣ ርካሽ።"

"ምን ዓይነት ሙዚቃ ልትሰሚበት ነው?"

"ሙዚቃ አይደለም፣ የሰው ድምፅ ነው። ደንቆሮ የሚያሰማ ይሁንልኝ።"

"ቀበሌ ልትከፍቺ ነው በይኛ" አሉኝ።

መደርደሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ የጃፓን ዕቃ ነበር፣ እጄን ስዘረጋ "እሱን ተይው፣ ሲያዩትም ያስከፍላል" አሉ። ሁለተኛው ቀለል ያለ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ይዤው የሄድኩትን ካሴት አስገብተው ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ግን የወንድሜ ንግግር እንደሚንጣጣ ዘይት ሆነ። ሦስተኛውን ከጠረጴዛ ሥር ጎትተው አወጡት፣ የወፍጮ ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ በውስጡ እንደ ትንንሽ አምፖል ያሉ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

"ይኼ እስኪሞቅ ትጠብቂዋለሽ፣ ከሞቀ በኋላ ግን የሰው ድምፅ አያበላሽም። ዋጋውም ላንቺ ይሆናል።"

"ለምን ረከሰ?"

"ሰው እየወሰደ ይመልሰዋል።"

"ይበላሻል?"

"ቢበላሽማ እሠራው ነበር" አሉና ካቻቢቴያቸውን ፍለጋ ጎንበስ አሉ። የምጠይቅበት ትዕግሥት ከየት ይምጣ፣ ተሸክሜው በውይይት ታክሲ ቤቴ ገባሁ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬው እግሬ ደነዘዘ።

ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። ጋሽ ደሳለኝ እንዳሳዩኝ ቴፑንና እስፒከሩን አገናኘሁ፣ ስፒናውን ሰካሁ፣ ጠርሙሶቹ ቀስ እያሉ ብርቱካንማ ሆኑ። ካሴቱን ገና አላስጀመርኩም፣ ግን ከእስፒከሩ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሽቦ ነው አልኩ። ከዚያ ቴፑን ተጫንኩት፣ የመስፍን ድምፅ ቤቱን ሞላው፣ እማዬ ጉልበቷን እስፒከሩ ላይ አስደግፋ "መስፍኔ" አለች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ጎረቤቱን ሰላም አለ፣ ብርዱን አማረረ። እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።

"እማዬ፣ ከሳሽ" አለ።

ይህ ካሴቱ ውስጥ የለም። ቴፑን አየሁት፣ ክሩ አልቆ ቁልፉ ብቅ ብሏል። እማዬ አልደነገጠችም፣ በምን ታውቃለች፣ ካሴቱን የሰማችው ያኔ ነው።

"አልበላ ብሎኝ ነው፣ ልጄ።"

"ብዪ እንጂ።" ከኋላው ሰው ጠጠር ላይ ሲራመድ ይሰማል።

ስፒናውን መንጭቄ ነቀልኩት። የጠርሙሶቹ ብርሃን ቀስ እያለ እየቀላ፣ እየጠፋ ነው፣ ድምፁም እየቀጠነ "ማነው ያጠፋው? አልሚ፣ አንቺ ነሽ?" አለ። አልሚ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

እማዬ ምግብ ጠየቀች፣ ሳህኑን ጨረሰችው። እኔ አንዲት ጉርሻ አልነካሁም።

በማግስቱ ጋሽ ደሳለኝ ፊት ቆምኩ። "የመለሱት ሰዎች ምን ሰማን ብለው ነው?"

የያዙትን ራዲዮ አስቀመጡ። "አንዷ ባሏን ሰማሁ አለች።"

"የት ያለ ባሏን?"

"የቀበረችውን።" ሲያዩኝ ፊቴ ተለዋውጦ ነው መሰለኝ ቶሎ ብለው ቀጠሉ፣ "ሌላው ደግሞ አሰብ የሚሠራ ወንድሙን ሰማሁ አለ። ወንድሙ ለፋሲካ መጥቶ እዚሁ በሬ ላይ ሰላም ብሎኛል፣ በግ እየጎተተ።"

"ታዲያ የኔ የቱ ነው?"

"እኔ ራዲዮ ነው የምጠግነው፣ ልጄ። ከፈለግሽ መልሺው።"

እንዴት ልመልሰው፣ እማዬ መብላት ጀምራለች፣ ጉንጯ እየመጣ ነው። በየቀኑ ከሰዓት ትከፍተዋለች፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ስኳር ሰልፍ ታወራለታለች፣ እሱም ይመልስላታል። አንድ ቀን ግን "አንቺ ውጪ፣ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ" አለችኝ። ምን እንደሆነ ገባኝ። ከሰው አፍ እውነቱን እንደማታገኝ ስለምታውቅ ራሱን ልትጠይቀው ነው። በር ላይ ቆምኩ፣ የእሷ ድምፅ ተሰማኝ፣ አጭር ነው፣ ከዚያ የእሱ ረዥም ንግግር፣ ጤነኛ ጆሮ ይዤ አንዲት ቃል እንኳ መለየት አቃተኝ።

ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች።

"ምን አለሽ?"

"ደህና ነኝ አለኝ" አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። "ነይ እራትሽን ብዪ።"

ከዚያ ወዲህ አምፕሊፋየሩን ጨርቅ አልብሳዋለች፣ አትነካውም። ስበላ ግን ከላዬ አትነሳም፣ ከራሷ ሳህን እየቆረሰች ታጎርሰኛለች፣ ጠገብኩ ስላት አትሰማም። ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፣ ለምኛታለሁ፣ ጮኼባታለሁ፣ መልሷ ያው ነው።

ባለፈው ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጨርቁን ገልጬ ብቻዬን ከፈትኩት። ጠርሙሶቹ እስኪግሉ ጠበቅሁ።

"መስፍን፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አለህ?" አልኩት።

ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ቅርብ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ያህል።

"አልሚ" አለ በመጨረሻ፣ በጣም ለስለስ አድርጎ፣ "ምሳ በልተሻል?"