የነጩ አበባ ጀርባ

«አትከተይኝ አልሁሽ!» አለች ሰገነት፣ ዞር ሳትል።

«መንገዱ የአባትሽ ነው?» አለች ብሥራት ከኋላዋ።

ሁለቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ጣና ዳር ሜዳ እየወረዱ ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ጭቃው ጫማ ይውጣል፣ ወገብ በሚደርሰው ሳር ውስጥም እባብ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ቦታ ሲኬድ እጅ ለእጅ መያያዝ ነበር የሚሻለው። እነሱ ግን አንዷ የሌላዋን መውደቅ የምትጠብቅ ይመስሉ ነበር።

ጠቡ የተነሳው በአንድ ነጭ የዱር አበባ ነው። ሰገነት ፊቱን ብቻ ፎቶ አንስታ «ሊሊ ነው» ብላ ለክፍሉ አሳየች። ብሥራት ተነስታ «ኦርኪድ ነው» አለች።

«ከአንበሳሜ በመጣሽ በሳምንትሽ አበባ አዋቂ ሆንሽ? ፋራ!» አለቻት ሰገነት።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ብሥራት በሄደችበት «ወይዘሮ ኦርኪድ» እየተባለች ነው፤ ትናንትም ምሳዋን ብቻዋን በላች።

መምህር አካሉ ግን አልሳቁም። «ብሥራት የምትለው ዓይነት ከሆነ፣ ከጀርባው ረጅም ቀጭን ጭራ ይኖረዋል። ሁለታችሁም ሂዱ፤ ሳትቆርጡ ፎቶ አንስታችሁ ኑ» ብለው ስልካቸውን ለብሥራት ሰጧት።

ሰገነት ቀድማ ደረሰች። ተንበርክካ ሳሩን ገለጥ አደረገች። የፈነዳው አበባ አንድ ብቻ ነበር። ከጀርባው ጣት የሚያህል አረንጓዴ ጭራ ተንጠልጥሏል።

ፊቷ ጋለ። በጥፍሯ ቀንጠስ ብታደርገውስ? ማን ያያል? ብሥራት እንደሆነች እግሯን ከጭቃ ለማውጣት እየታገለች ነው። ነገ ክፍሉ የሚስቀው በማን እንደሆነ ታወቃት። ጭራውን በሁለት ጣቷ ያዘች፤ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው።

«ምን እያደረግሽው ነው? እጅሽን አንሺ!» ብሥራት እየጮኸች ደረሰች።

ሰገነት ጣቶቿን ቀስ ብላ ለቀቀች። ጭራው እንዳለ ነበር።

«አልቆረጥሁትም። ነይ አንሺው፣ ጭራው በዚህ በኩል ነው።»

ብሥራት ሦስት ጊዜ አነሳችው። አላመሰገነችም። «እዚህማ ማን ይሰማሻል? ክፍል ውስጥስ ጭራ አለው ትያለሽ?»

ሰገነት የጉልበቷን ጭቃ ጠረገች። ብሥራትን አሁንም አልወደደቻትም።

«ነገ መጀመሪያ ተነስቼ ‹ኦርኪድ ነው› የምለው እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»