ደረቁ የጥርስ ብሩሽ

ቤት ለቤት ነዋሪ የምታጣራው የቀበሌ መዝጋቢ ከመስኮቱ ሥር ካለው ኩባያ ሦስተኛውን የጥርስ ብሩሽ አንሥታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ደረቅ ነው። የሱቁ ወረቀት እንኳ እጀታው ላይ እንደተለጠፈ ቀርቷል።

«እናትሽ ዛሬ ጥርሷን አልቦረሸችም?» አለች።

ልጅቷ ከንጋት ጀምራ ስታሰናዳ ነበር፤ የእናቷን አልጋ አነጠፈች፣ ነጠላ ጫማዋን ከሥሩ አሰለፈች፣ ቀሚሷን ምስማር ላይ ሰቀለች። ብሩሹን ማርጠብ ግን ረሳች። የአሥራ አምስት ዓመት ጭንቅላት እንዲህ ነው፤ በሬውን ጓዳ ደብቆ ቀንዱን ደጅ ይረሳል።

«ገበያ ሄዳለች» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ገበያ?»

አያቷ ከበርጩማቸው ሳይነሡ ሣቁ፤ ደስ የሚል ሣቅ ግን አልነበረም። «ተይው ቀጮ፣ አትችይበትም» አሉ የልጅ ልጃቸውን። ወደ መዝጋቢዋ ዞረውም፣ «ልጄ ውጭ አገር ናት፤ የሰው ሽማግሌ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ ኖረች። አሁን ኩላሊቷ አልቆ በሚመጣው ወር ትገባለች። ይኸው እውነቱ። ምን ትሆኚ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ፣ እማማ? አዲስ የወጣ ሕግ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ከአገር የራቀ ከመዝገብ ይሰረዛል። የምርጫ ካርዱም የሕክምና ካርዱም አብሮ ይሄዳል። ሲመለስ አንድ ዓመት ተቀምጦ እንደገና ይመዘገባል።»

«ዓመቱን የምትጠብቀው በየትኛው ኩላሊቷ ነው?»

«ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ካርቶን አንጥፈው የተኙት እዚሁ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ላም ባልዋለበት ኩበት አይለቀምም፣ እማማ።»

«ላሚቱን ከበረቷ ያስወጣት ማን ሆነና? የሄደች ዕለት የምርጫው ቀለም ከጣቷ አልለቀቀም ነበር። ሥራ እንሰጣለን ያሉትን መርጣ፣ ሥራ ፍለጋ ተሰደደች።»

መዝጋቢዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «የኔም እህት ውጭ ናት» አለች ቀስ ብላ። «ባለፈው ሳምንት በዚሁ እስክሪብቶ ሰረዝኳት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም።»

 ከዚያ መዝገቡን ከደነችው።

«እኔ ዛሬ ምንም አልሰማሁም። ሐሙስ ጧት አለቃዬ ራሱ ይመጣል፤ እሱ ኩባያም አልጋም ያያል። ‹እዚህ ትኖራለች› ካላችሁ፣ መጻፍ የሚችል የቤቱ ሰው ይፈርማል።» ዓይኗ ልጅቷ ላይ ዐረፈ። «ሐሰት ሆኖ ከተገኘ የሚጠየቀው የፈረመው ነው። ትምህርት ቤትሽም ይሰማል።»

ብሩሹን ኩባያው ውስጥ መልሳ ወጣች።

«አትፈርሚም» አሉ አያቷ በሩ እንደተዘጋ። «ፊደል ባልቆጥርም፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ሐሰት ላይ አውራ ጣቴን አሳርፌ አላውቅም። አንቺንም ለዚህ አላሳደግሁሽም።»

ረቡዕ አመሻሽ ላይ እናቷ ደወለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ስለ ትምህርቷ ጠየቀቻት፣ ስለ ቁመቷ ጠየቀቻት፣ ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ፣ «ካርዴ አለ አይደል፣ የኔ ልጅ? እዚህ ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ሐኪም ዘንድ አያስገቡኝም» አለች።

ልጅቷ አያቷን አየቻቸው። አያቷ ግድግዳውን አዩ።

«አለ፣ እማዬ።»

ሐሙስ ጧት ስትነቃ የአያቷ አልጋ ባዶ ነበር። ጥቂት ቆይተው ከጓሮ ገቡ። የእናቷን ነጠላ ጫማ አጥልቀዋል፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። አልጋው ሥር አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ አውልቀው ጣሉትና ቀና ሳይሉ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

ልጅቷ የብሩሹን ወረቀት በጥፍሯ ላጠችው። አረጠበችው፣ የጥርስ ሳሙና አስነካችው፣ ከሌሎቹ ሁለት ብሩሾች መካከል አቆመችው።

ከዚያ እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና በሩ እስኪንኳኳ ቆማ ጠበቀች።