የጥጥ ቦርጭ

መልካሙ የሞተው መርሳ ላይ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ ጀርባው ላይ የማንጎ ቢላዋ ተሰክቶ በአፍጢሙ ተደፍቷል። ከበላዩ፣ ምስማር ላይ፣ አገር ያወቀው የጥጥ ቦርጩ ተንጠልጥሏል።

ያንን ቦርጭ ታጥቆ፣ ጥቁር መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ፣ «ክቡር ጠግቤ» የተባለ ሹም እየሆነ ስምንት ዓመት ሰው አስቋል። የሙዚቃ ቀልድ ቡድኑ አንድ ከተማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በቅርቡ ከሥልጣን የወረደ ማነው?» ብሎ ነበር። በወረደው ላይ ይዘፍናል፤ ያልወረደው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይስቃል። ይህንንም ድፍረት ይሉታል።

ኢንስፔክተር ዘነበች ከወልድያ ስትደርስ ሳጅን ቃልኪዳን ጉዳዩን በራሱ ጨርሶ ጠበቃት።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት። «ሙጃሂድ ይባላል፤ ግራና ከምትባለው ከተማ ማንጎ እያመጣ ይሸጣል። አባቱ ዘንድሮ ከሊቀመንበርነት የወረዱ ሽማግሌ ናቸው። በመጀመሪያው ክፍል በሳቸው ላይ ሲዘፈን ብድግ ብሎ ተሳደበ፤ አስወጣነው። ቢላዋውም የሱ ነው። ወደ ወልድያ የሚወስደው መኪና ቆሟል።»

«መኪናው ይቁም» አለች ዘነበች።

ሙጃሂድ እጁ በካቴና ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ወላሂ አልገደልኩትም፣ እትዬ። አባቴን ሰደበው፤ እኔም ሰደብኩት። ተካካስን።»

«ካስወጡህ በኋላ የት ነበርክ?»

«ዘበኛው ቤት። እስክትበርድ ብለው ቆለፉብኝ። ከእረፍት በኋላ ክቡር ጠግቤ መዝፈን ሲጀምር ነው የከፈቱልኝ።»

«እውነቱን ነው» አሉ አሮጌው ዘበኛ። «እረፍቱን ሙሉ ተቆልፎበት ነበር። ዘፈኑን በመስኮት ልስማ ብዬ ከፈትኩለት። ቅርጫቱ ከነቢላዋው ከጓሮው በር አጠገብ ቀርቶ ነበር፤ ጠባቂ አልነበረውም።»

ሳጅኑ ፈገግ አለ። «እኮ! መልካሙ ዘፍኖ ወደ ጓዳ ገባ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሞቶ ተገኘ። በዚያች ሩብ ሰዓት ይሄ ልጅ ተፈትቷል።»

ከቡድኑ የቀሩት ሦስት ናቸው። ዘፋኟ ሊዲያ ኩሏ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀች ታለቅሳለች። ክራር መቺው ጋሽ ወልዴ፣ እንደ ሟቹ ወፍራም፣ ክራራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የክቡር ጠግቤ አሽከር ሆኖ የሚጫወተው ቀጭኑ አማኑኤል ከሁሉም በላይ ይጮኻል።

«በእረፍቱ የት ነበራችሁ?»

«እኔና ጋሽ ወልዴ እስከ መጨረሻው ከመድረክ አልወረድንም» አለች ሊዲያ። «መጋረጃ የለን፤ እሳቸው ክራሩን ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲቃኙ ሕዝቡ ሁሉ ያያል።»

«ቦርጩን ማን ያስርለታል?»

«እኔ ነኛ፤ ከጀርባ ነው የሚታሰረው። ለሁለተኛው ክፍል ግን አልጠራኝም። ሲያኮርፍ እንዲህ ያደርገዋል።»

«አንተስ፣ አማኑኤል?»

«ጋሼ ዘፍኖ ሲገባ በር ላይ ተላለፍን፤ ‹ጨርሻለሁ፣ ውጣ› አለኝ። ወጣሁ። ሬሳው እስኪገኝ ሕዝብ እያየኝ ነበር። ስምንት ዓመት ጫማውን ጠርጌለታለሁ እኮ!»

«መድረክ ላይ?»

«ከመድረክ ውጭም።»

ከፊት ወንበር የነበሩት ባለሥልጣን ገና አልሄዱም። ክስ ሊያስመዘግቡ ነው።

«በማን ላይ?» አለች ዘነበች።

«በመልካሙ ላይ ነዋ! ከእረፍት በኋላ በእኔ ላይ ዘፈነ።»

«ሞቷል እኮ።»

«ቢሞትም ይከሰስ!»

«ከዚህ በፊት በእርስዎ ላይ ዘፍኖ ያውቃል?»

«በፍጹም። ጨዋ ሰው ነበር። ግጥሙን ትናንት ቢሮ አምጥቶ አንድ በአንድ አንብቦልኛል፤ ይሄኛው አልነበረበትም።»

«ምን አለ?»

ባለሥልጣኑ ፊታቸውን አዞሩ። ዘበኛው ግን ደስ እያላቸው አዜሙት፦

«ሪባን ቆረጠና ውሃ መጣ ብሎ፣
ፓምፑ ቤቱ ገባ ማሳችንን ዘሎ።»

ዘነበች ወደ ልብስ መቀየሪያዋ ተመልሳ ቦርጩን ከምስማሩ አወረደች፤ ማሰሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ሁሉንም መድረክ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ሙጃሂድንም ጭምር።

«መልካሙ ለፈቃድ ሲል ግጥሙን ለሹም የሚያነብ ሰው ነው» ብላ ጀመረች። «እንዲህ ያለ ሰው በአንድ እረፍት ውስጥ ጀግና አይሆንም። ስለዚህ ዘፋኙ ማን እንደነበር ጠየቅሁ። እናንተ ያያችሁት መነጽር፣ ባርኔጣና ቦርጭ ነው። ድምፁን ደግሞ ስምንት ዓመት አብሮት የኖረ ሰው ያስመስለዋል።»

«ግምት ነው» አለ አማኑኤል።

«ቦርጩ ግን ግምት አይደለም። ማሰሪያው አልተፈታም፤ እንደተቋጠረ በእግር በኩል ወልቋል። ጋሽ ወልዴ፣ እስቲ ይሞክሩት።»

ሽማግሌው እግራቸውን አስገብተው ሳቡት። ከጭናቸው አላለፈም። «ለእኔም ሆነ ለመልካሙ ይሄ አይሆነንም» አሉ።

«አማኑኤል፣ ያንተ ተራ።»

አማኑኤል የሚያመልጥበት መንገድ የፈለገ ይመስል ዙሪያውን ቃኘ። ሳጅኑ ክንዱን ያዘው። ቦርጩ በጭኑ ሽቅብ ተንሸራቶ ወገቡ ላይ ልክክ አለ።

«ሊዲያን መጥራት ስላልቻልክ ከፊት ለፊት በራስህ ልክ ቋጠርከው፤ ቀጥሎ አሽከር ሆነህ ለመውጣት ስትጣደፍ መፍታት ተሳነህ» አለች ዘነበች። «መልካሙ የሞተው በእረፍቱ ነው። ያን ጊዜ ሙጃሂድ ተቆልፎበታል፤ ሊዲያና ጋሽ ወልዴ ሕዝብ ፊት ናቸው። ከዘፈኑ በኋላ በር ላይ አገኘሁት ያልከው ሰው ሬሳ ነበር።»

አማኑኤል መካዱን ተወ። «ሦስት ጊዜ ለመንኩት! አንድ ቀን እንኳ ቦርጩን ስጠኝ አልኩት። ዛሬም ‹አንተ የተፈጠርከው ለአሽከርነት ነው› አለኝ። አዳራሹ ግን እንዴት እንደሳቀ ሰምታችኋል? እውነቱን የተናገርኩት እኔ ነኝ!»

«ዕዳው በሬሳ ላይ እንዲቀር አድርገህ» አለችው። «ባለጊዜን ለመንካት ሰው መግደል ያስፈለገህ ፈሪ ነህ። የተመኘኸውም ሹመቱን ነበር እንጂ እውነቱን አይደለም።»

ሳጅን ቃልኪዳን ያለው አንድ ካቴና ብቻ ነው። ከሙጃሂድ እጅ ፈትቶ አማኑኤል እጅ ላይ አደረገው፤ ይቅርታ አልጠየቀም።

ውጭ ሕዝብ ተሰብስቧል። አማኑኤል ሰው ሲያይ አገጩን ቀና፣ ደረቱን ገፋ አድርጎ፣ በክቡር ጠግቤ አረማመድ ወደ መኪናው ተንጎራደደ፤ መሐል ላይ ቆም ብሎም የሕዝቡን ሳቅ ጠበቀ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጁ ተፈታ!» አለ አንዱ።

ሕዝቡ ጀርባውን ሰጥቶት ወደ ሙጃሂድ ሄደ።