ጸዳለ በምሳ ሰዓት የምትሄድበት አገር

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን የሰማሁት ከሰውየው ከራሱ አፍ ነው። እንባው አገጩ ላይ እየተንጠባጠበ ሲነግረኝ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነበር።

የሆነው ባለፈው ጥር፣ እዚሁ ለንደን፣ ሃርልስደን ውስጥ ነው።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። በቀን ነው፤ በብርሃን። በኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ምሳ በሚበላበት ሰዓት...

ሰውየው ጋሽ ብዙነህ ይባላል። ሰባን አልፏል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ባለቤቱ ጸዳለ ደግሞ አዲስ አበባ ሳለች ፈረንሳይኛ የተማረች፣ ስትናደድ እንኳ በፈረንሳይኛ የምትሳደብ ሴት ነበረች።

ሁለቱ አንድ ምኞት ነበራቸው። ፈረንሳይን ከላይ እስከ ታች መዞር። በመርከብ ተሻግሮ ኖርማንዲ፣ ከዚያ ብሪታኒ፣ ከዚያ ሊዮን፣ በመጨረሻ ደቡብ። መንገዱን ገና ሲጋቡ ነው ያወጡት።

ከለንደን ፈረንሳይ ቅርብ ነው። ጧት የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል።

ቅርብ ስለሆነ ነው መሰለኝ ያልሄዱት።

መጀመሪያ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራቸውም። ወረቀቱ ሲመጣ እሌኒ ተወለደች። እሌኒ ስታድግ የብዙነህ ወገብ ተያዘ። ሁሌ «ለከርሞ» ነው። «ለከርሞ እንሄዳለን ጸዱዬ።»

ከርሞ መጣ። ለጸዳለ የመርሳት በሽታ ይዞ መጣ።

ከዓመት በላይ ከአልጋዋና መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር በቀር የትም አልሄደችም። እግሮቿ አይሸከሟትም። የምታነሳትና የምታጥባት አልታየሽ የምትባል ኬረር፣ ቤት መጥታ የምታስታምም ናት፤ ያገራችን ልጅ።

አንድ እሁድ ልጃቸው እሌኒ ከምትኖርበት ከኬንቲሽ ታውን ታብሌት ይዛ መጣች።

«ዳዲ፣ ማሚ ፍሬንች ነገር ስለምትወድ እነዚህን ቪዲዮዎች ፕሌይ አድርግላት። ሜይቢ ይረዳታል።»

ቪዲዮው ላይ አንዲት ሴት ፈረንሳይን ለሚጎበኙ ሰዎች ምክር ትሰጣለች። የት ምን እንደሚበላ፣ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባል...

በማግስቱ ምሳ እያበላት ከፈተላት። ሴትዮዋ ስለ ኖርማንዲ ታወራለች። ጸዳለ ዝም ብላ ታያለች።

ድንገት...

«ይቺ ልጅ አታውቅም» አለች።

የብዙነህ ማንኪያ ከእጁ ወደቀ። ጸዳለ እንዲህ አጥርታ ከተናገረች ወራት አልፈዋል።

«ምኑን ነው የማታውቀው ጸዱ?»

«መጀመሪያ ቦንዡር ይባላል። ሱቅ ገብተህ ቦንዡር ሳትል ዕቃ ከጠየቅህ ፊታቸውን ያዞሩብሃል። ምሳ ደግሞ አይረፍድም። ስምንት ሰዓት ካለፈ ኩሽናው ይዘጋል። ብትለምናቸው አይሰሙህም።»

«ማን ነገረሽ?»

«ዛሬ ዘግተውብን ነበራ።»

ብዙነህ ሳቀ። ደስ አለው። ለእሌኒ ደውሎ «እናትሽ ቀልድ ጀመረች» አላት።

ማታ ጋደም ሲል ግን ነገሩ ከነከነው።

«ዘግተውብኝ» አላለችም። «ዘግተውብን» ነው ያለችው።

በሚቀጥለው ቀን ምግብ አልነካም አለች።

«በልቼ ነው የመጣሁት።»

አልታየሽ አፏን ልትጠርግላት ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

«ጋሼ... ቅቤ ነገር ሰጥተዋት ነበር እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልቀመሰችም።»

«አፏ ቅቤ ቅቤ ይላል።» ደግማ አሸተተች። «ደግሞ... ሳይደር።»

እዚያ ቤት ሳይደር የሚባለው የፖም መጠጥ ገብቶ አያውቅም።

ጸዳለ ዓይኗን ሳትገልጥ «ብሪታኒ በብርጭቆ አይጠጡትም» አለች። «በጎድጓዳ ሲኒ ነው። የጥቁር ስንዴ ቂጣ ላይ እንቁላል አድርገው ከጎኑ ያመጡልሃል...»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ።

ስድስት ሰዓት ሲል ዓይኗ ይከደናል። ትንፋሿ ይቀንሳል። ስትመለስ ምክር ይዛ ትመለሳለች። ዳቦውን ሳህን ላይ አታድርገው፣ ጠረጴዛው ላይ ነው የሚቀመጠው። ፎርማጆ ከዋናው ምግብ በኋላ፣ ከጣፋጩ በፊት ነው። ገበያ በጧት ውጣ፤ ቲማቲሙን ራስህ አትንካ፣ ሻጩ ይመርጥልሃል።

አንድ ቀን ዓይኗን እንደጨፈነች ጣቶቿ መንቀሳቀስ ጀመሩ። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ አየሩን እንደ መቆንጠጫ ነከስ፣ ነከስ... ከዚያ ወደ አፏ።

አላመጠች።

ዋጠች።

ብዙነህ ጉሮሮዋን እያየ ነበር። ባዶ አፍ እንደዚያ አይውጥም።

«ምንድን ነው የምትበዪው?» አላት በሹክሹክታ።

«የባሕር ቀንድ አውጣ ነገር ነው... ቅርፊት ያለው። የመጀመሪያውን በሹካ ትበላለህ። ከዚያ በባዶው ቅርፊት ሌላውን ትቆነጥጣለህ።»

ከንፈሯ ዳር ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ደርቆ ነበር።

ለእሌኒ ነገራት።

«ዳዲ፣ ሃሉሲኔሽን ነው፤ የሌለ ነገር ነው የሚታያት። ፕሊስ፣ አንተም እረፍት ያስፈልግሃል።»

እሱ ግን አንድ ነገር ገብቶታል። ጸዳለ ዝም ብላ አይደለም የምትዞረው። መንገድ ይዛለች። መጀመሪያ ኖርማንዲ፣ ከዚያ ብሪታኒ... አሁን ስለ ሊዮን ነው የምታወራው።

መንገዱን ያውቀዋል። አብረው ያወጡት ነው።

ኖርማንዲ ሳለች ቶሎ ትመለስ ነበር። ሊዮን ከደረሰች ወዲህ ሲመሽ ነው ዓይኗን የምትገልጠው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየራቀችው ነው።

አንድ ማታ ስትመለስ ጠብቆ ጠየቃት። ፈርቶ ነው የጠየቃት።

«ጸዱ... እዚያ ከማን ጋር ነሽ?»

ፈገግ አለች። እንደ ልጃገረድ።

«ከብዙነህ ጋር ነዋ።»

«ብዙነህ እኮ እኔ ነኝ።»

ዞራ አየችው። ቆይታ፣ በትሕትና፣ ከላይ እስከ ታች።

«እርስዎ?» አለች። «እርስዎማ የሚያስታምሙኝ አባት ነዎት እንጂ።»

ክው አለ።

እድሜ ልኳን «አንተ» ስትለው የኖረች ሚስቱ «እርስዎ» አለችው።

«ብዙነህ... ምን ይመስላል?» አላት።

«ጸጉሩ ጥቁር ነው። ሻንጣዬን እሱ ነው የሚይዝልኝ። አይቸኩልም።» ትንሽ አሰበች። «እሱ ‹ለከርሞ› አይለኝም።»

ሰው በራሱ ላይ ይቀናል?

ብዙነህ ቀና። ወጥ ቤት ገብቶ የቧንቧውን ውኃ ከፍቶ አለቀሰ፤ እንዳትሰማው።

ከዚያ ሊያስቀራት ሞከረ። ታብሌቱን ለእሌኒ መለሰላት። ምሳዋን በጧት አበላት። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ራዲዮ ከፈተ፣ መስኮት ከፈተ፣ በስሟ ጠራት። ምንም አልረዳም። ስድስት ሰዓት ሲል ዓይኗ ይከደናል።

በመጨረሻው ቀን ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። አልታየሽ መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች። ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

አጠገቧ ተቀመጠ። አንድ እጇን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዛሬ አትሂጂ» አላት። «አንድ ቀን እንኳ ከእኔ ጋር ዋይ።»

ዓይኗ ተከደነ።

ጥቂት ቆየ...

እጇ ሳብ አለ።

እሷ አይደለችም የሳበችው። ጣቶቿ እጁ ውስጥ እንደሞቱ ናቸው። ክንዷ ግን ቀስ እያለ ወደ መስኮቱ ይዘረጋል።

ያኔ የእጅ አንጓዋን አየ።

ቆዳዋ ተሰርጉዷል። ከላይ አራት ጣት። ከሥር አውራ ጣት።

ሌላ ሰው ይዟታል።

ብዙነህ ጎተተ።

ያም ጎተተ።

«ኡ!» አለች ጸዳለ። ፊቷ ተኮማተረ። «እያመመኝ ነው... ይልቀቁኝ።»

«ጸዱዬ፣ እኔ ነኝ...»

«እባክዎ አባቴ። ይልቀቁኝ።»

እንዲህ ብሎ ነው የነገረኝ፤ «አመመኝ እያለችኝ እንዴት ልያዛት? በሕይወቴ እጅ አንስቼባት አላውቅ።»

ለቀቃት።

ክንዷ ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ ዐረፈ። ፊቷ ተፈታ። ግንባሯ ላይ የነበረው መጨማደድ እንኳ የጠፋ መሰለው።

ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮውን አስጠጋ።

«ብዙዬ...»

«እርስዎ» አላለችም።

«ብዙዬ፣ አንተም ስትመጣ ካፖርት አትያዝ። እዚህ ይሞቃል።»

ሌላ ቃል ጠበቀ።

ትንፋሿንም ጠበቀ...

ሐኪሙ መጥቶ አረጋግጦ ሄደ። እሌኒ ሳሎን ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ታለቅሳለች። አስከሬን የሚወስዱት ሰዎች ሳይደርሱ አልታየሽ «እኔ ልጠባት፣ ሌላ ሰው አይንካት» ብላ ክፍሉን ዘጋች።

ብዙም አልቆየችም። በሩ ትንሽ ተከፈተ።

«ጋሼ... እስቲ ይምጡ።»

«ምነው?»

«ብቻዎን። እሌኒ እንዳትሰማ።»

ገባ። አልታየሽ አንሶላውን ከጸዳለ እግር ላይ ገልጣዋለች።

«ትናንት ያጠብኳቸው እኔ ነኝ» አለች በሹክሹክታ። «እንዲህ አልነበሩም። በማርያም፣ እንዲህ አልነበሩም።»

የጸዳለ እግሮች ጠቁረዋል። የበሽታ ጥቁረት አይደለም፤ ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ጥቁረት ነው። በየእግሯ ጀርባ ላይ ደግሞ ሁለት ቀጫጭን ቀያይ መስመሮች ይሻገራሉ፤ የሰንደል ጫማ ማሰሪያ ከፀሐይ የከለለው ቦታ።

ውጭ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል።

ብዙነህ ተንበረከከ። እጇን ዳሰሰ፤ ቀዝቅዟል። ግንባሯን ዳሰሰ፤ ቀዝቅዟል።

ከዚያ እግሮቿን ያዘ።

እግሮቿ... ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው እንደዋለ ድንጋይ ይሞቁ ነበር።