ለካሜራ የተሠራው ዲስክ

ተረት ከመሰላችሁ እዚህ ላይ ተዉት። የምከራከርበት አቅም የለኝም። ሰኪና ራሷ ወላሂ ብላ የነገረችኝ ነው።

2008 ዓ.ም.፣ ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ሰፈር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች...

ሰኪናና ወንድሟ ጃቢር የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻሉ። ወንዶቹን እሱ፣ ሴቶቹን እሷ። እሷ የቀረጸችውን እሱ ከፍቶ አያይም። የሰው ሚስት፣ የሰው ልጅ ተገልጣ የጨፈረችበት ነው፤ ነውር ነው።

ሥራቸው ሁሉ የሚቀመጠው አንድ ሣጥን ውስጥ ነው። አራት ሃርድ ዲስክ የተሰካበት፣ ከኮምፒውተሮቻቸው ጋር በኔትወርክ የተያያዘ፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ ሣጥን። አንዱ ዲስክ ቢሞት በአዲስ ይተካል፤ የቀሩት የጎደለውን መልሰው ይሞሉታል።

በዚያ ሳምንት አንዱ ሞተ።

«ለእንዲህ ያለ ሣጥን የተሠራውን ነው የምታመጣው» አለችው ሰኪና።

ጃቢር ገበያውን ዞሮ ዞሮ ሲያጣ፣ ለጥበቃ ካሜራ የሚሆነውን ይዞ መጣ።

«ይሄም ቀን ከሌት ይሠራል አሉኝ።»

«የካሜራ ዲስክ እኮ ስህተት ቢያገኝም አይቆምም! ዝም ብሎ መቅዳት ነው የሚያውቀው።»

«ተይኝ በአላህ... ደክሞኛል።»

እሷም ደክሟት ነበርና ተወችው።

ሣጥኑ የጎደለውን መልሶ ሞልቶ ሲጨርስ ጃቢር የወንዶቹን ቪዲዮ ከፍቶ አየ። ሸጋ ነው። የሴቶቹንስ? ነውር ነዋ! ሳያይ፣ እሷንም ሳይጠይቅ፣ ዲስክ ለማስለቀቅ ሌላ ቦታ የነበረውን ቅጂ በሙሉ ደመሰሰው።

ሰኪና ስትሰማ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጠች።

በዚያ ቀን፣ ሠርጓን የቀረጹላት የሒክማ እናት፣ እትዬ ፈህሚያ፣ ከማክሰኝት እየመጡ ነበር። ሒክማ በተዳረች በዓመቷ በወሊድ ሞታለች። ቤታቸው ውስጥ አንዲት ፎቶዋ እንኳ የለችም። መልኳ የቀረው በሴቶቹ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው። እናትየው ግን አንጀታቸው አልችል ብሎ እስከዚያን ቀን ሳይወስዱት ቆይተዋል።

ሰኪና የሒክማን ፋይል ከፈተችው።

አለ! እልልታው፣ ጭፈራው... አልሐምዱሊላህ!

ግን ርዝመቱ...

የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ነበር። አሁን ወደ ፊት ባስኬደችው ቁጥር ይረዝማል።

አቆመችው። የሣጥኑ መብራት ግን ብልጭ ድርግም ማለቱን አልተወም። የሆነ ነገር እየተቀዳ ነው...

መልሳ አስጀመረችው። ጭፈራው አበቃ። ሴቶቹ ጫማቸውን አድርገው ወጡ።

ሒክማ ብቻ ቀረች... ወንበሯ ላይ።

ሰኪና ይህን አልቀረጸችም። ያኔ ካሜራዋን ዘግታ ከሴቶቹ ጋር ምሳ እየበላች ነበር።

የሒክማ አንገት ዘንበል ይላል... ደግሞ ቀና ይላል። እንቅልፍ ያሸነፈው ሰው እንደሚያደርገው።

«አሰላሙ ዐለይኩም።»

እትዬ ፈህሚያ በሩ ላይ ቆመዋል። ሰኪና ልትዘጋው እጇን ሰደደች።

«ተይው!»

ገብተው ተቀመጡ። ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ምነው... ልጄን ብቻዋን ተዋችኋት?» አሉ በሹክሹክታ።

«እትዬ፣ እኔ...»

«እያት እስቲ። ደክሟታል እኮ።»

ሒክማ ቀና አለች። ዓይኗ ቀላ ብሏል። ወደ እነሱ አየች።

«ደምስሺላት» አሉ እትዬ ፈህሚያ።

«እትዬ... ሌላ ቅጂ የለም። ይሄን ካጠፋሁት ዳግመኛ አያዩዋትም።»

«አውቃለሁ።» ነጭ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ይህ እያለ እዚያው እንደተቀመጠች ናት። የኔ ዓይን ይራብ፤ እሷ ትረፍ።»

ሒክማ ከወንበሯ ተነሳች። ወደ ካሜራው መጣች... መጣች... ሒና የተቀባ መዳፏ ስክሪኑን ሞላው።

«ቢስሚላህ!» ብላ ሰኪና ደመሰሰችው።

ጨለመ።

እትዬ ፈህሚያ እንባቸውን ጠረጉ፤ መረቋትና ወጡ። ሰኪና እስከ ደረጃው ከኋላ ከኋላቸው ሸኘቻቸው።

ነጩ ነጠላቸው ላይ፣ ትከሻቸው ጋ፣ የመዳፍ ቅርጽ ነበር። ሰው ሲያቅፉ እጅ የሚያርፍበት ቦታ...

ገና ያልደረቀ ሒና።